ከስልክ የመጣው ሶል ናይት በኮንትሮለር ሲጫወቱት ያው ጌም ነው?

ጥይት_በጋሻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሚያበግን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሶል ናይትን ስልክ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጫውቻለሁ። አሁን ስዊች (የኔንቲንዶ የጌም ማሽን) ገዝቼ ቲቪ ላይ ሰክቼ እየተጫወትኩት ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው። እጄ ላይ እውነተኛ ቁልፍ አለ። ቦስ (ትልቁ ጠላት) ፊት ቆሜ ስልክ አይጠራብኝም። እንግዲህ ከድሮው ተሽዬ መገኘት ነበረብኝ። ጭራሽ ብሶብኛል!

ይባስ ብሎ ታናሽ እህቴ አለች። እሷ አሁንም በስልኳ ነው የምትጫወተው። ሁለታችንም የምንይዘው ናይት የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ነው፣ ያው ለጥቂት ሰከንድ ሁለት መሣሪያ ባንዴ የሚተኩሰውን። እሷ 3-3፣ 3-4 ስትል እኔ 2-5 ላይ ቦሱ እግር ስር ተዘርሬ እገኛለሁ።

ለማታውቁት፦ ጌሙን የሠራው ቺሊሩም የሚባል የቻይና ስቱዲዮ ነው። ስልክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ስዊች ላይ ደግሞ በ2020። ከላይ ሆነህ የምታየው ዋሻ ነው፣ ክፍል በክፍል እያጸዳህ ትሄዳለህ። 3 ዓለም አለው፣ እያንዳንዱ 5 ደረጃ፣ አምስተኛው ላይ ቦስ። ከሞትክ ከ1-1 ነው የምትጀምረው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኢነርጂ ይበላሉ። መጀመሪያ የሚሰጥህ ደካማ ሽጉጥ ግን ምንም አይበላም። ጋሻህ ለትንሽ ጊዜ ካልተመታህ በራሱ ይሞላል። ደምህ ግን አይሞላም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የምንጫወተው አንድ ጌም ነው ወይስ ሁለት?

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
ጥፋቱ ያንተ አይደለም ወንድሜ። ጌሙ ራሱ ለስልክ ነው የተሠራው። ኢላማውን እሱ ይይዝልሃል፣ አንተ ቁልፉን ተጭነህ መሮጥ ብቻ ነው። ኮንትሮለር ለዚህ ምን ያደርጋል? እውነተኛ ተኩስ ከፈለግክ ኢንተር ዘ ገንጀን አለልህ፣ በ2016 የወጣው። ሶል ናይት ራሱ ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው። ገንጀን ላይ ያነጣጠርከውን ትመታለህ፣ ካላነጣጠርክ ግድግዳ ትመታለህ። አለቀ።

አውራጣት፦
ደግሞ ተጀመረ። ራሱ የሚያነጣጥር ከሆነ ጌም አይደለም የሚሉት ሰዎች መጡ። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ላይ የመተኮሻ ቁልፍ እንኳ የለም እኮ! ዓለም በሙሉ ስንት ሌሊት አደረበት? የእሱም መነሻ ማጂክ ሰርቫይቫል የሚባል የስልክ ጌም ነው። የስልክ ሐሳብ ኮምፒውተር ላይ ወጣ፣ ነገሠ፣ ከዚያ በ2022 ተመልሶ ስልክ ላይ ገባ። ስለዚህ «ለስልክ የተሠራ» የሚለውን እንደ ስድብ አትጠቀሙበት።

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
እሱ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የምታስቢው ምን መሣሪያ ከምን ጋር ይሄዳል የሚለውን ነው።

አውራጣት፦
እዚህም እኮ ታስባለህ። የት ልቁም የሚለውን ታስባለህ። እስቲ ልብ ብለህ ተጫወት። ጌሙ የሚያነጣጥረው ቅርብ ወዳለው ነው። ያ ቦምብ የሚወረውረው ከኋላ ያለው እንዲመታልህ ከፈለግክ ፊት ለፊት ካሉት ርቀህ ወደ እሱ መጠጋት አለብህ። ሶል ናይት ላይ የምታነጣጥረው በእግርህ ነው።

ጥይት_በጋሻ፦
«በእግርህ ነው የምታነጣጥረው»። ይሄን ስክሪን ሾት አድርጌዋለሁ። እህቴ አንድም ቀን እንዲህ ብላ አስረድታኝ አታውቅም። «ዝም ብለህ አትሙት» ነው የምትለኝ።

ሮግ_80፦
ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው እነዚህን ጌሞች ሮግላይክ (ሮግን የመሰሉ) ይላቸዋል፣ ግን አይደሉም፣ ሮግላይት (ከሞትክ በኋላም የሚተርፍልህ ነገር ያለባቸው) ናቸው። ስሙ የመጣው ሮግ ከተባለው በ1980 ከወጣ የኮምፒውተር ጌም ነው። እሱ ላይ ምስል የለም፣ ፊደልና ምልክት ነው። አንተ አንድ እርምጃ ትሄዳለህ፣ ጭራቁም አንድ እርምጃ ይሄዳል። ጊዜ አያሯሩጥህም። ዋሻው በየዙሩ አዲስ ነው፣ ከሞትክ ሁሉም ያልቃል። በ2008 በርሊን ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች የዘውጉን መስፈርት ዘርዝረው አስቀምጠዋል። ከሞትክ በኋላ በሰበሰብከው እንቁ አዲስ ገጸ ባሕርይ መክፈት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ላግ_ገደለኝ፦
መምህር፣ ፈተና አለው?

ሮግ_80፦
ሳቁብኝ፣ ግዴለም። ግን ነጥቤ ከጥያቄው ጋር ይገናኛል። ሮግ ላይ እጅህ ምንም አይፈርድም። በቀስታ ብትጫን፣ በፍጥነት ብትጫን፣ ያው ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ማሽን ወደ የትኛውም ማሽን ብትወስደው አይቀየርም። ተኩስ ሲገባበት ግን እጅ ዳኛ ሆነ። እጅ የሚይዘው ዕቃ ሲቀየር ደግሞ ዳኛው ተቀየረ ማለት ነው። ልጁ የጠየቀው ይሄንን ነው።

አውራጣት፦
ኧረ መምህሩ ጥሩ ተናገሩ።

የኮድ_ሰው፦
እኔ ጌም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የማሻገር ሥራ ላይ ነበርኩ። የትኛው ጌም እንደሆነ አልናገርም፣ ዘውጉ ግን ይኸው ነው። ከውጭ የማይታዩ ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የስክሪን ቅርጽ። የዛሬ ስልክ ብዙውን ጊዜ 19.5 በ9 ነው። ቲቪ 16 በ9 ነው። ካሜራው ቁመቱን ጠብቆ ጎኑን ብቻ የሚቀይር ከሆነ ስልክ የያዘው ሰው ወደ ጎን 22 በመቶ ያህል አስፍቶ ያያል። ቲቪው ትልቅ ስለሆነ ብዙ የምታይ ይመስልሃል። የምታየው ግን ያንኑ ወይም ያነሰ ነው፣ ብቻ ተለጥጦ። እኛ ጌም ላይ ከዕይታ ውጭ የቆመ ጠላት እየተኮሰ ተጫዋቹን ይገድል ነበር። ስልክ ላይ ያ ጠላት ይታያል። ቲቪ ላይ ሰዎች «ጥይቱ ከየት መጣ?» እያሉ ይጮሁብን ጀመር። መጨረሻ ላይ ያደረግነው ምን መሰላችሁ? ጠላት ስክሪኑ ውስጥ ካልገባ እንዳይተኩስ ከለከልነው። አንድ መስመር ኮድ ነው። እሷን መስመር ለማግኘት ግን ሳምንታት ፈጀን።

ሁለተኛው ዱላው ነው፣ ገጸ ባሕርይህን የምታንቀሳቅስበት ጆይስቲክ። ስልክ ላይ ያለው የምስል ዱላ በብዙ ጌሞች ጣትህ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው የሚፈጠረው። ጣትህን አንስተህ ብታሳርፍ መሃሉ አዲስ ነው። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ለመዞር ጣት ማንሳትና ማሳረፍ ይበቃል። እውነተኛው ዱላ ግን ከግራ ጫፍ ተነስቶ መሃሉን አቋርጦ ነው ቀኝ የሚደርሰው። መሃሉ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ የሚተው የሞተ ቦታ አለ፣ ዱላው በራሱ እንዳይንሸራተት ተብሎ። ያ የሞተ ቦታ ሲሰፋ ገጸ ባሕርይህ የሰነፈ ይመስልሃል።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል የሚያወጣ ከሆነ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። 30 ከሆነ 33.3። ይሄ በጌሙ በኩል ያለው ነው። ቲቪው ደግሞ ምስሉን ለማሳመር ብሎ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ቲቪ ላይ ይሄ ብቻውን ከጌሙ መዘግየት ይበልጣል። ለዚህ ነው ቲቪ ላይ ጌም ሞድ የሚባል፣ ይሄን ማሳመር የሚቀንስ ማስተካከያ ያለው።

እና አዎ፣ ሁለት ጌም ነው የምትጫወቱት። ጌሙ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው።

ላግ_ገደለኝ፦
ደስ የሚል ነገር ነው የጻፍከው። አሁን የኔን ብሶት ስሙኝ። ስሙን አልጠራም፣ አወያዩም ያውቀዋል ይሄን ታሪኬን። ከስልክ የመጣ አንድ የተኩስ ጌም ኮምፒውተሬ ላይ ገዛሁ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ምን ይላል? «ለመጀመር ስክሪኑን ይንኩ»። እሺ፣ ምን አለበት፣ በማውስ ነካሁት። ገባሁ። ጥግ ላይ የስጦታ ሣጥን አለ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ይከፈታል ይላል። ከፍዬ ገዝቼው ማንን ነው የምጠብቀው? ስልክ ላይ እንግዲህ ማስታወቂያ አይተህ ቶሎ ታስከፍተዋለህ። እዚህ ማስታወቂያውን አወጡት፣ ሰዓቱን ረሱት!

ቀጥሎ ክፍሉ በጠላት ሲሞላ ይንቀጠቀጣል። የስልክ ጌም እኮ ነው! ኮምፒውተሬ ከዚያ የከበደ ነገር ይሸከማል። በመጨረሻ አንድ ቀን አፕዴት አደረግኩ፣ ሴቬ (የደረስኩበትን የሚያስቀምጠው ፋይል) የለም። ከ40 ሰዓት በላይ ተጫውቼ የከፈትኩት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ጻፍኩላቸው፣ «እያየነው ነው» አሉ። እያዩት ይሆናል እስከ ዛሬ።

አወያይ፦
ስሙን ስላልጠራህ እናመሰግናለን። ይቀጥል።

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
የሰዓቱ ነገር ግን ትልቅ ነገር ነው፣ በሳቅ አትለፉት። የስልክ ጌም ሲሠራ ዋጋው ሁሉ የሚተመነው ሰው ወይ ይከፍላል ወይ ማስታወቂያ ያያል ወይ ይታገሣል ተብሎ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ለመክፈት ይሄን ያህል እንቁ፣ ከሞትክ ማስታወቂያ አይተህ አንዴ ትነሳለህ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ክፍያውንና ማስታወቂያውን ነቅለህ ስታወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ሠሪው ያን ቀዳዳ በሌላ ነገር መድፈን አለበት። እንቁውን ማርከስ ወይም ጠላቱን ማለዘብ። ካልደፈነው ጌሙ ከበድ ይልብሃል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይገባህም።

የኮድ_ሰው፦
ልክ ነህ። እኛም ላይ ደርሷል። ቦሱ የተሰላው ተጫዋቹ አንዴ ሞቶ ይነሳል ተብሎ ነበር። ያን ግምት የጻፈው ሰው ሥራ ለቋል፣ ኮዱ ላይም የትም አልተጻፈም።

አውራጣት፦
ወደ ሌላ አቅጣጫ ልውሰዳችሁ። በደንብ የተሻገረ ነገርም አለ እኮ። ዳውንዌል። በ2015 ስልክና ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰሞን ነው የወጣው፣ ስለዚህ «ተሻገረ» ማለትም ይከብዳል። ሐሳቡ ግን ከላይ እስከ ታች የስልክ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለህ፣ ጫማህ ጠብመንጃ ነው። ሦስት ቁልፍ ብቻ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ መዝለያ። አየር ላይ ሆነህ ስትጫነው መዝለያው መተኮሻ ይሆናል። ጥይትህ የሚሞላው መሬት ስትረግጥ ወይም ጠላት ላይ ስታርፍ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ግራና ቀኙ ባዶ ነው፣ መሃል ላይ እንደ ስልክ የቆመ ቀጭን መስኮት። አልለጠጡትም። አላስፋፉትም። ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ ጠባብ ሆኖ ቀረ። እኔ ይሄን ነው የምወድላቸው።

ሮግ_80፦
ዳውንዌል ላይ ቁልፍ ሦስት መሆኑ ነው ያዳነው። እጅ የሚሳሳትበት ቦታ የለም።

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
ይሄን እቀበላለሁ። ዳውንዌልን ቁልፍ ባለው ነገር ስትጫወተው ከስልኩ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጣትህ ሳያይ ቁልፉን ያገኘዋል። ስልክ ላይ ጣቴ ቀስ እያለ ከቦታው ይሸሻል። ሳላውቀው የምጫነው ባዶ መስታወት ነው።

ላግ_ገደለኝ፦
አርቼሮስ? እሱ ላይ እኮ ስትቆም ብቻ ነው የሚተኩሰው። ስትሮጥ አይተኩስም። በአንድ ጣት ሙሉ ጌም።

አውራጣት፦
አዎ፣ የ2019 ነው። «በእግር ማነጣጠር» ያልኩትን እስከ ጥግ የወሰደው እሱ ነው። መቆም ማለት መተኮስ፣ መተኮስ ማለት ለጥይት መጋለጥ። ንጹህ ሐሳብ ነው። ከኋላው ያለውን የገበያ ነገር ተዉት።

ዝምተኛዋ፦
ብዙ አልጽፍም እዚህ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ስለ ዱላና ስለ ቲቪ አወራችሁ፣ ስለ ጣት ውፍረት ግን ማንም አላነሳም።

ስልክ ላይ ሁለቱ አውራ ጣቶችሽ ከስር ያሉትን ሁለት ጥጎች ይሸፍናሉ። እዚያ ያለው ጠላት አይታይሽም። ስለዚህ ሳታውቂው አንድ ልማድ ታወጫለሽ። ጠላቶቹን ወደ ላይ ትስቢያቸዋለሽ። ክፍሉ እንደተከፈተ ዞረሽ ከታች ትሆኛለሽ፣ እነሱ ከላይ ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን ጥይት የሚመጣብሽ ከአንድ አቅጣጫ ነው። ቲቪ ላይ ምንም የሚሸፍን የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ትቆሚያለሽ፣ ሁሉም ስለሚታይሽ ሁሉንም የምትችዪ ይመስልሻል። ከዚያ ከአራት አቅጣጫ ጥይት ትበያለሽ።

የእህትህን አጨዋወት አላየሁም። ግን እንዲህ አድርግ። ሁለት ወረቀት ቁረጥና ቲቪው ላይ ከታች ግራና ከታች ቀኝ ለጥፍ። ጡጫ የሚያህል። ከዚያ ተጫወት።

ጥይት_በጋሻ፦
ወረቀት? ቲቪ ላይ? እየቀለድሽ ነው?

ዝምተኛዋ፦
አይደለም።

የኮድ_ሰው፦
ይሄ በጣም ጎበዝ ሐሳብ ነው። እኛ ሥራ ቤት ማንም አላሰበውም። ጠላቶቹ የት እንደሚፈጠሩ ስንወስን ግን ከስር ያሉትን ጥጎች እንሸሽ ነበር፣ ልክ በዚህ ምክንያት። ስናሻግረው ያን ሕግ ሳንነካ ተውነው። ማለትም ቲቪ ላይም ከታች ያሉት ጥጎች ሰላም ናቸው። ማንም ተጫዋች ግን ይሄን አላወቀም። የሶል ናይት ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩ አላውቅም፣ የምናገረው ስለኛው ነው።

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
ውጤቱን ካልጻፍክ ታገዳለህ። አወያይ ይመስክር።

አወያይ፦
እመሰክራለሁ።

ጥይት_በጋሻ፦
እሺ። አደረግኩት። ከነጭ ወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። እህቴ ገብታ አየች። ምንም ሳትል ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ወጥታ ስልኳን ይዛ ተመለሰችና ፎቶ አነሳችኝ። ይሄ ፎቶ የት እንደሚደርስ አላውቅም።

የመጀመሪያው ዙር 1-4 ላይ ሞትኩ። ከበፊቱ ባሰ! ሁለተኛውም እንደዚያው። ወረቀቱ ስር የተደበቀች ትንሽ ነገር ናት የገደለችኝ፣ ምን እንደሆነች እንኳ አላየሁም። ልነቅለው ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን የሆነ ነገር ገባኝ። ክፍል እንደገባሁ ወደ ታች መሮጥ ጀመርኩ። አስቤበት አይደለም፣ ወረቀቱን ስለፈራሁት ነው። እውነትም ሁሉም ከላይ ተሰለፉ። ጥይቱ ሁሉ ከላይ ነው የሚመጣው፣ እኔ ግራና ቀኝ ማለት ብቻ ነው። ጋሻዬ እንዲሞላ ደግሞ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ እጠብቃለሁ። ድሮ ትዕግሥት አልነበረኝም።

2-5ን አለፍኩ። ከዚያ 3-1 ላይ ራሴ ባፈነዳሁት በርሜል ሞትኩ። ስለሱ አንጠያየቅ።

አውራጣት፦
በርሜሉ ስንት ሰው በላ መሰለህ። እንኳን ደህና መጣህ።

ሮግ_80፦
ይሄ በዘውጉ ውስጥ ከሁሉ የተከበረው አሟሟት ነው። በጠላት መሞት ማንም ይችላል።

ላግ_ገደለኝ፦
እህትህን ኮንትሮለር አስይዛት። እውነቱ ያኔ ይወጣል።

ጥይት_በጋሻ፦
አስያዝኳት። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፣ ከዚያ «ስጠኝ እስቲ» አለች። ወረቀቱ እንዳለ ነው። 1-3።

1-3 ላይ ሞተች! ስንት ጊዜ እንዳስደገምኳት አልነግራችሁም። ዱላውን እየያዘች ጣቷን ታነሳለች፣ ስልክ ላይ እንደለመደችው መሃሉን ለማደስ። ስታነሳ ገጸ ባሕርይዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኮድ ሰው የጻፈውን በዓይኔ አየሁት። አንድ ጊዜ ደግሞ ባዶውን ስክሪን በጣቷ ነካችው። ካሜራ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ!

የኮድ_ሰው፦
ይሄን ክር ለድሮ የሥራ ባልደረቦቼ እልከዋለሁ። እሷ ስክሪኑን ስትነካ ጌሙ ላይ ምን እንደሆነ አይተሃል?

ጥይት_በጋሻ፦
ምንም። ቲቪ ነው እኮ።

ባለ_ሁለት_ሽጉጥ፦
እንግዲህ ልሸነፍ። ራሱ የሚያነጣጥርም ጌም ነው። ገንጀን ግን ይበልጣል፣ ከዚህ አልወርድም። ጠረጴዛ ገልብጠህ ከኋላው መደበቅ የምትችልበት ጌም ከየትም አይመጣም።

አውራጣት፦
ሶል ናይት ላይ ሰይፍ ይዘህ ጥይት ትመታለህ። ጠረጴዛህን ያዝ።

ዝምተኛዋ፦
ጥይት በጋሻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላይ የተጻፈው ጌም ሞድ ቲቪህ ላይ በርቷል?

ጥይት_በጋሻ፦
የቱ?

ዝምተኛዋ፦
የኮድ ሰው ሦስተኛ ብሎ የጻፈው።

ጥይት_በጋሻ፦
ቆይ ልየው።

ጥይት_በጋሻ፦
…ጠፍቶ ነበር። ስዊቹን ከሰካሁበት ቀን ጀምሮ።

ላግ_ገደለኝ፦
😂😂😂 ወረቀቱን ንቀል በቃ።

ጥይት_በጋሻ፦
አልነቅልም። ለምጄዋለሁ።